አማቴ በነፃ የቆፈሯቸው ጉድጓዶች

ከሁሉ በፊት ይቅርታ። እኔ የሚጽፍ ሰው አይደለሁም። ፊደል የቆጠርኩት ሁለት ልጆች ከወለድኩ በኋላ፣ በጎልማሶች ትምህርት ነው፤ አሁንም ረጅም ቃል ሲገጥመኝ ገደል አፋፍ ላይ እንደቆመ ሰው ዝም ብዬ አየዋለሁ። አስተማሪያችን "እያንዳንዳችሁ የምታውቁትን የአንድ ሰው ሕይወት ጽፋችሁ አምጡ፤ ጠርዘን ለሚመጡት ተማሪዎች ማንበቢያ እናደርገዋለን" ባትለን ኖሮ እርሳስ አላነሣም ነበር። ሌሎቹ ስለ እናታቸው ጻፉ። እኔ ስለ ሚስቴ አባት እጽፋለሁ። ስለ እሳቸው ለመጻፍ ከሰው ሁሉ የማይገባው እኔ ነኝ። ለምን እንደሆነ ወደ ታች ይመጣል፤ ከአሁኑ ብናገረው እጄ ይቆማል ብዬ ፈርቼ ነው።

አማቴ ጉድጓድ ቆፋሪ ናቸው። ሰው "አባ እርጥቡ" ይላቸዋል፤ ልብሳቸው ደርቆ የታየበት ቀን የለማ። ከሥራ ሲመለሱ የጭቃ ዱካቸውን ያየ ሁሉ ዛሬ የማን ቤት እንደዋሉ ያውቃል።

ቦታ ሲመርጡ አይቸኩሉም። ግቢውን ይዞራሉ፤ ሣሩ የት ጋ ቶሎ እንደማይጠወልግ ሴቶቹን ይጠይቃሉ። ከዚያ አንድ ክንድ ያህል ቆፍረው አፈሩን ቆንጠር ያደርጉና ምላሳቸው ላይ ያኖሩታል። ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ ይቆያሉ። "ይሄ አፈር ውሸታም ነው" ይላሉ። ወይም ደግሞ "ይሄኛው ጨዋ ነው፤ ከሰባት ቁመት በላይ አያስለፋንም።" ሰው ይስቃል። ሰባት ቁመት ካሉ ግን ሰባት ቁመት ላይ ውሃው ይወጣል። ከመውረዳቸው በፊት የበራ ኩራዝ በገመድ ያወርዳሉ፤ ኩራዙ ከጠፋ ታች ያለው አየር መጥፎ ነው፣ የዚያን ቀን አይወርዱም።

አንድ ልማድ አላቸው፤ ሌላ ቆፋሪ ሲያደርገው አላየሁም። ጉድጓዱ አልቆ የመጀመሪያው ባልዲ ሲወጣ ለባለቤቱ ያቀምሱትና እንዲህ ይላሉ፦

"እኔ በሕይወት እያለሁ ይሄ ጉድጓድ ከነጠፈ ጥራኝ። ተመልሼ እወርዳለሁ። ለሁለተኛው ክፍያ የለም።"

ወረቀት የለው፣ ምስክር የለው። ቃላቸው ብቻ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጠራቸው ሰው አልነበረም። የሰፈራችን ፀጉር አስተካካይ ግን፣ ያው አፉ አያርፍም፣ "አባ እርጥቡ፣ ጉድጓድ ሲቆፍሩ አያርቁት፤ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም!" እያለ ይተርባቸዋል። እሳቸውም "እኔ ነኛ የምገባበት! አንተማ መቀስህ ቢወድቅ እንኳ አትወርድም" ይሉታል።

እኔን አማች ያደረጉኝም በጉድጓድ ነው። ልጃቸውን ለመጠየቅ ሽማግሌ ሳልልክ፣ ዓይን አፋር ብሆንም፣ ራሴ ሄጄ ሥራ ላይ አገኘኋቸው። ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ቀና ብለው አዩኝና "ውረድ" አሉኝ። ወገቤን በገመድ አስረው አወረዱኝ። ስድስት ቁመት ነበር። ላብ ዓይኔ ውስጥ ገባ።

"ምን ይታይሃል?" ብለው ከላይ ጮኹ።

"ምንም አይታየኝም፣ አባባ!"

"ትዳርም እንደዚያው ነው! ቁፈር!"

ቆፈርኩ። ማታ ለሚስታቸው "ፈሪ ነው፤ ግን ካወረዱት ይቆፍራል" ብለው ነገሯቸው አሉ። ልጃቸውን ሰጡኝ። ይህን ስጽፍ ፈገግ አልኩ፤ ፈገግታው ግን አይበረክትም።

ከሰፈራችን በታች ሰፊ ሜዳ አለ። ግማሹ በቆሎ ይዘራበት ነበር፤ ግማሹ ለከብት ግጦሽ ዓመት በዓመት እየተፈራረቀ የሚያርፍ ነበር። ሹሞቹ ያረፈውን መሬት በወረቀት ላይ "ጥቅም ላይ ያልዋለ" ብለው ጻፉትና ለአንድ ድርጅት ሰጡት። ድርጅቱ ሸንኮራ አገዳ ተከለ። ለስኳር አይደለም። ሸንኮራው ተጨምቆ አልኮል ይወጣዋል፤ አልኮሉ ከቤንዚን ጋር ተደባልቆ መኪና ይነዳል። ነዳጁ ጭስ አያበዛም፣ ለአየር ይስማማል ብለው በስብሰባ አስረዱን። ውሸት ነው አልልም። ሁላችንም ስለ አየሩ ሰማን፤ ስለ ውሃው የጠየቀ ግን አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም። ፀጉር አስተካካዩ ብቻ "እንግዲህ ከብቱ ይራብ፣ መኪናው ይስከር!" አለና ሰውን አሳቀ።

ሜዳው መሃል መቶ ሜትር የሚወርድ ጉድጓድ በማሽን ቆፈሩ፤ ትልቅ ሞተር ተከሉበት። ያንን ሞተር የሚያንቀሳቅስ ሰው ሲፈልጉ እኔን ቀጠሩኝ። የቆርቆሮ ክፍል፣ አንድ ወንበር፣ አረንጓዴና ቀይ ቁልፍ ያለው ሳጥን። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ "ሞተረኛው" ሆነ። ከማንም በላይ አማቴ ደስ አላቸው። ትከሻዬን ቸብ ቸብ አድርገው "ውሃ የሚያወጣ ሁሉ ዘመዴ ነው" አሉኝ። ይቺ ንግግር እስከ ዛሬ ታመኛለች።

በክፍሉ በር ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፎ ነበር። ሞተሩ አሥራ ስድስት ሰዓት ሠርቶ ስምንት ሰዓት ይረፍ ይላል። የሚያርፈው ለራሱ አይደለም፤ ውሃው ታች ተመልሶ እንዲሞላ ነው። ሁለት ዓመት እንደዚያ ሠራን። ከዚያ ሸንኮራው ተስፋፋ። ከወንዙ ወዲህ የነበረው ወዲያ ተሻገረ፤ በቆሎ የነበረውም ሸንኮራ ሆነ። የድርጅቱ ኢንጂነር መጣና ወረቀቱን ልጦ ጣለው። "ከእንግዲህ ማረፍ የለም" አለኝ። እሺ አልኩ። ሦስት ሆነን በፈረቃ ሃያ አራት ሰዓት ማሠራት ጀመርን።

በክፍሉ ወለል ላይ ቀጭን ቱቦ አለች። በወር አንዴ የሜትር ገመድ እናወርድባትና የረጠበበትን ቁጥር በደብተር እጽፋለሁ። ከፊደል ይልቅ ቁጥር ይቀለኛል። በመጀመሪያው ዓመት ገመዱ አሥራ አንድ ሜትር ላይ ይረጥብ ነበር። ማረፍ ከቀረ በኋላ አሥራ አራት። ከዚያ አሥራ ሰባት። ከዚያ ሃያ ሁለት። ኢንጂነሩን "ጌታዬ፣ ውሃው እየሸሸ ነው" አልኩት።

"ደብተሩ ላይ ጽፈኸዋል?"

"ጽፌዋለሁ።"

"በቃ፣ ሥራህን ጨርሰሃል" አለኝ።

እኔም ሥራዬን የጨረስኩ መሰለኝ። ወይ እንዲመስለኝ ፈለግሁ። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም።

በዚያው ዓመት አማቴን የሚጠራ ሰው መጣ። መጀመሪያ የመጣው የሰፈራችን አናጺ ነው። በጣም አፍሮ፣ ቆቡን እያሻሸ፣ "አባ እርጥቡ፣ እንዲያው ጉድጓዱ ትንሽ እንቢ ብሎኝ..." አለ። አማቴ አላስጨረሱትም፤ ዶማቸውን አንሥተው ወጡ። ሁለት ቁመት ጨመሩለት፣ ውሃው መጣ። ከወር በኋላ ሌላ ቤት። ከዚያ ሌላ። እንደገና አናጺው። ሰባ ዓመት የሞላቸው ሰው ቃላቸው ነውና ቀን በቀን ይወርዳሉ። አሥራ አንድ ጉድጓድ፤ አንዳንዱን ሁለት ጊዜ፣ የአንዲት ልብስ ሰፊን ደግሞ ሦስት ጊዜ። ማታ እጃቸውን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ነክረው ይቀመጣሉ፤ ጣታቸው አልታጠፍ ብሏቸው። ሚስቴ የምታሞቅላቸውን ውሃ ከእርሻው ቧንቧ በጄሪካን የማመጣው እኔ ነበርኩ። ለሠራተኛ ይፈቀዳል።

ሰው ደግ ነው፤ ግን ውሃ ሲጠማው ደግነቱ ያጥራል። "እጃቸው ከዳቸው" ማለት ተጀመረ። "ድሮም በዕድል ነበር" ያለም አለ። ፀጉር አስተካካዩ ቤት ተቀምጬ ተራ ስጠብቅ አንዱ "አባ ደረቁ እንዴት ዋሉ?" ብሎ ሲጠይቅ ሰው ሁሉ ሳቀ። ፀጉር አስተካካዩ በመስታወቱ ውስጥ አየኝና ሳቁን ዋጠ። "አማችየው ተቀምጧል እኮ" አለ። እኔ ወለሉ ላይ የወደቀውን ፀጉር አየሁ። አንዲት ቃል ብተነፍስ ሳቁ ወደ እኔ ይዞር ነበር፤ ስለዚህ አልተነፈስኩም።

እሳቸው ግን ከሰው በላይ ራሳቸውን ጠረጠሩ። አንድ ቀን ደጃፍ ላይ አፈር ምላሳቸው ላይ አድርገው ደጋግመው ሲተፉ አገኘኋቸው።

"ምን ሆነው ነው፣ አባባ?"

"ምላሴ ሞቷል መሰለኝ። ጨዋውንና ውሸታሙን መለየት አቃተኝ።" ከዚያ ቀና ብለው "አንተስ? የእናንተ ሞተር ውሃ አላነሰውም?" አሉኝ።

ይኸው በር ተከፈተልኝ። በገዛ እጃቸው ከፈቱልኝ። እኔ ምን አልኩ? "የእኛ ጥልቅ ነው፤ አይገናኝም" አልኩ። ኢንጂነሩ እንዲህ ሲል ሰምቼ ነበርና የሱን ቃል ተዋስኩ። እሳቸውም "አዎ፣ እንዴት ይገናኛል" ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ዝም አይነቅዝም ይባላል። የኔ ነቅዟል፤ ያን ቀን ደግሞ ዝም እንኳ አላልኩም።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ።

ባለፈው በጋ ሞተሩ ተበላሸ። የሚቀየረው ዕቃ ከሩቅ እስኪመጣ አራት ቀን ቆመ። በዚያው ሰሞን አማቴ የልብስ ሰፊዋን ጉድጓድ ለሦስተኛ ጊዜ እየቆፈሩ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ባሏ የሞተባት፣ በአንዲት የስፌት መኪና አራት ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት። ሞተሩ በቆመ በሁለተኛው ቀን ውሃው ከእግራቸው ሥር ፈለቀ። በሦስተኛው ቀን ጉልበት ደረሰ። በአራተኛው ቀን የአናጺውም፣ የሌሎቹም ጉድጓድ ውስጥ ባልዲ ሲወርድ ጧ! የሚል ድምፅ ተሰማ።

ያን ቀን እንዴት እንደነበሩ ልጽፈው አልችልም። እንደ ልጅ ሆኑ። ሰው ሁሉ ልብስ ሰፊዋ ግቢ ተሰበሰበ። እሷም ከትርፍራፊ ጨርቅ ኮት ሰፍታ አለበሰቻቸው፤ አንዱ ኪሱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቡናማ። ፀጉር አስተካካዩ ራሱ ባልዲ ጎትቶ "አባ እርጥቡ፣ አፌን ይቁረጡት! መቀሱን እኔው አቀብላለሁ!" አለ። አማቴ እየሳቁ ነገሩን አስረዱ፦ ዋናው የውሃ ሥር እዚህ ግቢ ሥር ነበር፣ እሳቸው ሲነኩት የሁሉም ጉድጓድ ተከፈተ። ሰው አመናቸው። ከዚያ እኔን አቅፈው፣ ጭቃቸውን ሸሚዜ ላይ እያተሙ፣ በጆሮዬ "ልጄ፣ እጄ ተመለሰ" አሉኝ።

በማግስቱ ዕቃው መጣ። ገጠምነው። ኢንጂነሩ "አስነሣው" አለኝ። አውራ ጣቴን አረንጓዴው ቁልፍ ላይ አድርጌ ትንሽ ቆየሁ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም፤ "ምነው፣ ቁልፉ ፈጀህ እንዴ?" እስኪለኝ ድረስ ነው። ተጫንኩት። ማንም እጄን ይዞ አላስጫነኝም፤ ይህን መጻፍ አለብኝ።

ሞተሩ በተነሣ በአራተኛው ቀን የልብስ ሰፊዋ ጉድጓድ ጭቃ ሆነ።

እሷ "ይተዉት አባባ፣ በቃዎት፤ ከወንዝ አስቀዳለሁ" ብላ ለመነቻቸው። እሳቸው ግን አንዴ ያገኙትን የውሃ ሥር ያመለጣቸው መሰላቸውና በጥድፊያ ወረዱ። ኮቱን አውልቀው ጉድጓዱ አፍ ላይ አጥፈው አስቀመጡት አሉ። ኩራዙን አውርደው አይተዋል፤ አየሩ ደህና ነበር። ደህና ያልነበረው ግድግዳው ነው፤ አንዴ ረጥቦ አንዴ ደርቆ ላልቶ ኖሯል። አንድ ወገኑ ተናደባቸው። እስከ ደረታቸው ተቀበሩ። አናጺውና ፀጉር አስተካካዩ ወርደው በእጃቸው አውጥተዋቸዋል፤ ፀጉር አስተካካዩ፣ መቀሱን አይከተልም የተባለው። እኔ ሞተሩ ክፍል ነበርኩ። ጩኸቱን አልሰማሁም፤ ሞተሩ ሌላ ድምፅ አያሰማም።

የግራ ትከሻቸው ተሰበረ፣ ዳሌያቸው ተጎዳ። ሐኪሙ ሕይወታቸው እንደሚተርፍ፣ ዳግመኛ ጉድጓድ መውረድ ግን እንዳይታሰብ ነገረን። ሁለት ወር ተኙ። ትንሽ መቀመጥ ሲጀምሩ፣ አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ጠሩኝ።

"ነገ ፈረቃህ ከሰዓት ነው አይደል?"

"አዎ፣ አባባ።"

"ጠዋት ትከሻህን ታበድረኛለህ። አሥራ አንዱም ቤት እሄዳለሁ።"

"ለምን?"

"ይቅርታ ልጠይቅ። ከነጠፈ ጥሩኝ ብያለሁ፤ አሁን ቢጠሩኝ አልወርድም። ቃሌን መመለስ አለብኝ። እጄ እንደሞተ፣ ምላሴም እንደሞተ፣ በሐሰት እንዳቆየኋቸው ራሴ ልንገራቸው። ከሞትኩ በኋላ ሰው ከሚያወራው ይሻላል።"

"አይገባዎትም..." አልኩ።

"የሚገባኝን እኔ አውቃለሁ። ኮቱንም እመልስላታለሁ" አሉ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

ግቢ ወጣሁ። ሚስቴ ልብስ እያሰጣች ነበር። ነገርኳት። ደብተሩን፣ ቁጥሩን፣ አራቱን ቀን፣ ቁልፉን፣ ሁሉንም። ልብሱን ይዛ ቆመች፤ ውሃው ክንዷ ላይ ይወርዳል።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?"

"ከአምና ጀምሮ።"

"አባቴ ሲወርድ ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር። ሥራው... ልጆቹ... ብናገር ያባርሩኛል ብዬ..."

"ለኔ ምን ትነግረኛለህ?" አለች። አልጮኸችም። ብትጮኽ ይሻለኝ ነበር። "የተበደለው እዚያ ውስጥ ተኝቷል። ነገ ደግሞ በአንተ ጥፋት በሰው ደጅ አንገቱን ሊደፋ ነው። ሂድና ንገረው።"

ሄድኩ። ተኝተው ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ተኝተው ስላገኘኋቸው ደስ አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት አማቴ ፊታቸውን ታጥበው፣ ኮቱን በጨርቅ ጠቅልለው ደጃፍ ላይ ጠበቁኝ። በቀኝ እጃቸው ትከሻዬን ያዙ፤ ምርኩዛቸውን እኔ ያዝኩላቸው። መንገድ ላይ እነግራቸዋለሁ ብዬ ነበር። እስከ ጥጉ፣ እስከ ወፍጮ ቤቱ፣ እስከ ልብስ ሰፊዋ በር እያልኩ ሳልነግራቸው ደረስን። ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን አቁማ ወጣች። ፀጉር አስተካካዩም ሱቁን ሊከፍት ሲያልፍ አየንና ቆመ።

አማቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጄ፣ የመጣሁት..." ብለው ሲጀምሩ፣

"እሳቸው አይደሉም!" አልኩ። ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ጮኸ። "ውሃውን የወሰድኩት እኔ ነኝ። ሞተሩ ነው። ሃያ አራት ሰዓት ይሠራል፤ ከመሬት በታች ውሃው በየወሩ ሲሸሽ በእጄ ለክቼ ጽፌዋለሁ። አውቄ ዝም አልኩ። የአባባ እጅ ምንም አልሆነም።"

ልብስ ሰፊዋ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ፀጉር አስተካካዩ ጠጋ አለ። አማቴ ወደ እኔ ዞሩ። ብዙ ይጠይቁኛል ብዬ ነበር። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ያ አራት ቀንስ?"

"ሞተሩ ተበላሽቶ ነበር፣ አባባ።"

ከአንጀታቸው አንድ ትንፋሽ ወጣ። እጃቸውን ከትከሻዬ አነሡ። ምርኩዙን ተቀበሉኝ። ልብስ ሰፊዋ "ኮቱን አልቀበልም፤ የእርስዎ ነው" አለቻቸውና ራሷ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገችላቸው። ወደ መንገዱ ዞሩ።

"ቀጥሎ የማን ቤት ነው?" አሉ፣ ወደ እኔ ሳያዩ።

"የአናጺው።"

"ቅደም። እኔን አትጠብቅ፤ የምትናገረው አንተ ነህ።"

ቀደምኩ። የምርኩዛቸው ኮቴ ቀስ እያለ ከኋላዬ ይመጣል። የአናጺው በር ላይ ደረስኩና አንኳኳሁ።